ከቃላድ ወደ ኮምፒዩተር፤ የመሬት መዝገብን በካርታ ሶፍትዌር ስለ መያዝ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ለመሬት ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወንድምን ከወንድም፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያካስሰው ብዙ ጊዜ የአንድ ክንድ ወሰን ነው። ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ የሚቀረው መዝገቡ ብቻ ስለ ሆነ፣ መዝገቡ ከተሳሳተ ስሕተቱ እውነት መስሎ ይኖራል።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ መውጣታቸውን የማያውቅ ጓደኛ በመካከላችን የለም። ከ10 ዓመት በኋላም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ይሁን እንጂ «መሬቱ ለማን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ባገኘ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም «የትኛው መሬት? ስፋቱ ስንት ነው? ወሰኑስ እስከ የት ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ማንም ሰልፍ አይወጣለትም። የሚመለሰው በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ወጣት ሠራተኛ ጣቶች ነው። ያ ወጣት ሠራተኛ ነገ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ትምህርታዊ ጽሑፍ የምናቀርበው በአንድ የወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት ለተግባራዊ ልምምድ ተልከን የነበርን ጥቂት ተማሪዎች ነን። በዚያ የተማርነውንና የተሳሳትነውን እንጽፋለን፤ ስሕተቱ የእኛ ስለ ሆነ ለመናገር አናፍርም። መንግሥት ለዚህ ሥራ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት አዘጋጅቷል። እኛ ግን ምሳሌያችንን የምንሰጠው ኪውጂአይኤስ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። ምክንያቱም ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለ ሆነና ማንኛውም ተማሪ በራሱ ኮምፒዩተር ሊሞክረው ስለሚችል ነው። መሠረቱን የተረዳ ሰው በሌላ ሶፍትዌርም አይቸገርም።

1ኛ፤ ከገመድ እስከ ደብተር

በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ ይለካ ነበር። ቃላድ መለኪያ ገመድ ሲሆን በእርሱ የተለካው መሬትም ራሱ ቃላድ ተብሎ ተጠራ። ስፋቱ በጋሻ ይቈጠር ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ አገሩና እንደ አፈሩ ይለያይ ነበር። ገመድ ሲጠብቅና ሲላላ ልኩ እንደሚለወጥ ግልጽ ነው። ገመዱን የጣለው ሰው የማን ወዳጅ እንደ ሆነም ይጠየቅ ነበር ብሎ ማሰብ አያስቸግርም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በመዝገባችን የሚጻፈው የይዞታ መብት ነው፤ ባለመብቱም «ባለይዞታ» ይባላል። የገጠር መሬት አስተዳደርን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 89/1989፣ ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር፤ ይኸንንም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተክቶታል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ተወስኗል።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ ተስፋፋ። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ ይባላል። ሥራው የተሠራው በገመድና በእርምጃ፣ በሽማግሌና በአዋሳኝ ምስክርነት ስለ ሆነ ወጪው ትንሽ፣ ፍጥነቱም ብዙ ነበር። ጉድለቱ ግን ካርታ የሌለው መሆኑ ነው። ደብተሩ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሊት» ይላል። ስፋቱም ብዙ ጊዜ በጥማድ ይገመታል። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ የሄክታር ሩብ ያህል ነው ቢባልም፣ የወይና ደጋ ጥማድና የቈላ ጥማድ፣ የጥቁር አፈርና የቀይ አፈር ጥማድ እኩል አይደሉም። ወንዙ አቅጣጫውን ሲለውጥ ወይም «እገሌ» ሲሞት ወሰኑ የቆመበት ምልክት ይጠፋል።

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ ይኸንን ጉድለት ለማቃናት የመጣ ነው። ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ሥዕል በወረቀት ላይ ይታተማል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በማሳው ላይ ቆመው ወሰኑን ያሳያሉ፤ በሥዕሉም ላይ ይሰመራል፤ ከዚያ በኋላ መሥመሩ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። የእኛ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

2ኛ፤ ሰው፣ መብትና ማሳ

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው የመጀመሪያ ስሕተት አንድ ሠንጠረዥ ከፍቶ ሁሉን በአንድ መሥመር መጻፍ ነው፤ «የማሳ ቁጥር፣ ባለይዞታ፣ ስፋት፣ አዋሳኝ» እያለ ይደረድራል። እኛም ያደረግነው ይኸንኑ ነው። ያስከተለውንም እንናገራለን።

በአንድ ረፋድ አንዲት እናት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቈይተዋል፤ የባላቸው ዘመዶች ስለ ማሳው ጥያቄ አንሥተዋልና ከመዝገቡ ማስረጃ ፈለጉ። በኮምፒዩተሩ ፈልገን ማሳውን አገኘነው፤ በባለይዞታ ዐምድ ግን የተጻፈው የሟቹ ስም ብቻ ነበር። ደብተሩን ስንከፍተው የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የሁለቱም ስም አለ። እኒያ እናት፣ «ልጆቼ፤ በደብተሩ ላይ ያለሁት ሰውዬ ከመኪናችሁ ውስጥ የት ገባሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከእኛ አንዱ ከደብተሩ ወደ ሠንጠረዡ ሲገለብጥ፣ የስም ዐምዱ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያውን ስም ጽፎ አልፏል። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ እናታችን» ብለን ያንኑ ቀን አስተካከልነው። ቀጥለን የገለበጥናቸውን መሥመሮች ሁሉ ከደብተሮቹ ግልባጭ ጋር ስናስተያይ፣ ብዙ ሚስቶች በዚሁ መንገድ ወድቀው አገኘን። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። አንድ ዐምድ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ግን ያለ ክፉ ሐሳብ ሰው ከመሬቱ ያስወጣል።

መድኃኒቱ ነገሩን በሦስት መክፈል ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በቁጥር 19152 ያወጣው የመሬት አስተዳደር ደረጃም መሠረቱ ይኸው ነው።

ሀ/ የሰው ሠንጠረዥ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ መሥመርና አንድ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌም እንደ አንድ ሰው ይመዘገባል።

ለ/ የማሳ ሠንጠረዥ፤ እያንዳንዱ ማሳ አንድ ቅርጽና አንድ ቁጥር ይኖረዋል። በዚህ ሠንጠረዥ የሰው ስም ፈጽሞ አይገባም።

ሐ/ የመብት ሠንጠረዥ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ ነው። «ይህ ሰው በዚህ ማሳ ላይ ይህን መብት፣ በዚህ ድርሻ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ሰነድ አግኝቷል» ይላል።

በዚህ ሥርዓት ባልና ሚስት በአንድ ማሳ ላይ ሁለት የመብት መሥመር ይኖራቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም። በአራት ቦታ አራት ማሳ ያለው ገበሬ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ማሳውን ያከራየ እንደ ሆነም፣ ኪራዩ በመብት ሠንጠረዥ ራሱን የቻለ መሥመር ሆኖ ሲገባ፣ የይዞታው መሥመር ሳይነካ ይቀራል።

ስም መለያ ሊሆን የማይችልበት ሌላ ምክንያት ፊደላችን ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»ም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የሰውየው ስም በደብተሩ እንደ ተጻፈው ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዐምድ ይኑር። ሠንጠረዦቹ የሚገናኙት በቁጥር ብቻ መሆን አለበት።

3ኛ፤ ማሳው የተቀመጠበት ምድር

ምድር ድቡልቡል ናት፤ ወረቀቱና የኮምፒዩተሩ መስታወት ግን ጠፍጣፋ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርታ ምድርን የሚዘረጋበት ዘዴ አለው። በአገራችን የተለመደው ዩቲኤም የሚባለው ነው፤ ይኸውም ዓለምን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ዞኖች ይከፍላል። ኢትዮጵያ በሦስት ዞኖች ላይ ተኝታለች፤ ጋምቤላ በ36ኛው፣ አዲስ አበባ በ37ኛው፣ ጅጅጋ በ38ኛው ዞን ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ዞን መካከለኛው መሥመር 500,000 ሜትር ተብሎ ይቈጠራል። አራት ኪሎ ለምሳሌ በ37ኛው ዞን ወደ ምሥራቅ 474 ሺህ፣ ወደ ሰሜን 998 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ38ኛው ዞን የተለካን ማሳ 37ኛው ነው ብለን ብናስገባው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ተሰድዶ እናገኘዋለን። ይህ ስሕተት ግልጽ ስለ ሆነ ቶሎ ይታያል።

የሚያስፈራው ትንሹ ስሕተት ነው። የቀድሞ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ አዲንዳን ስሙን ያገኘው በኑቢያ ከነበረ የመለኪያ ጣቢያ ሲሆን፣ የምድርን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1880 ክላርክ ባወጣው ልክ ይወስዳል። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ይሠራል። ሁለቱም «37ኛ ዞን» ይባላሉ፤ ቁጥሮቻቸውም ይመሳሰላሉ፤ በአዲስ አበባ አካባቢ ግን በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በሶፍትዌሩ ውስጥ የመጀመሪያው ኢፒኤስጂ 20137፣ ሁለተኛው ኢፒኤስጂ 32637 ተብለው ይለያሉ።

እኛ አንድ ቀን በጂፒኤስ የለካናቸውን ማሳዎች አዲንዳን ናቸው ብለን ጫንናቸው። ማሳዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ስለ ተዛወሩ እርስ በርሳቸው አልተጋጩም፤ ቅርጻቸውም ስፋታቸውም ልክ ነበር። አንድ ማሳ ግን በወንዝ ውስጥ ተኝቶ ባየን ጊዜ ነቃን። ወንዝ ባይኖር ኖሮ የአንዱን ማሳ ካርታ በሌላው ማሳ ላይ አትመን እንሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ትእዛዞችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ለሌየሩ መነሻውን «መንገር» ነው፤ ይህ ቁጥሮቹን አይለውጥም፤ «እነዚህ ቁጥሮች በዚህ መነሻ የተለኩ ናቸው» ብሎ ማሳወቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው «መለወጥ» ነው፤ ይህ ቁጥሮቹን አስልቶ በሌላ መነሻ ልክ አዲስ ሌየር ያወጣል። መለወጥ በሚገባው ቦታ የነገረ፣ ወይም መንገር በሚገባው ቦታ የለወጠ ሰው፣ መሬቱን ከ200 ሜትር በላይ አሸሸው ማለት ነው።

4ኛ፤ ስፋት እንዴት ይሰላል

ሶፍትዌሩ ስፋትን የሚያወጣው ከማዕዘኖቹ ቁጥር ነው። በእጅ ሠርቶ ያላየ ሰው ማሽኑን እንደ ጠንቋይ ስለሚያምን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አራት ማዕዘን ያለው ማሳ ይኑረን፤ ቁጥሮቹ (ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን) በሜትር፦ ሀ (0፣ 0)፣ ለ (60፣ 0)፣ ሐ (60፣ 40)፣ መ (0፣ 50) ናቸው።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደሚቀጥለው ስንሄድ የፊተኛውን ምሥራቅ በኋለኛው ሰሜን እናበዛለን፤ ከዚያ የኋለኛውን ምሥራቅ በፊተኛው ሰሜን አብዝተን እንቀንሳለን። የሁሉንም ድምር ለ2 እናካፍላለን።

ከሀ ወደ ለ፦ 0 × 0 − 60 × 0 = 0
ከለ ወደ ሐ፦ 60 × 40 − 60 × 0 = 2,400
ከሐ ወደ መ፦ 60 × 50 − 0 × 40 = 3,000
ከመ ወደ ሀ፦ 0 × 0 − 0 × 50 = 0

ድምሩ 5,400፣ ለ2 ሲካፈል 2,700 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥማድ በሩብ ሄክታር ብንገምተው ከአንድ ጥማድ ጥቂት ይበልጣል።

አሁን መዝጋቢው ተሳስቶ የሐንና የመን ተራ ቢያለዋውጥስ? ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሐ ብሎ ቢያስገባ ሥራው ይህን ይመስላል፦ 0፣ ከዚያ 60 × 50 − 0 × 0 = 3,000፣ ከዚያ 0 × 40 − 60 × 50 = −3,000፣ በመጨረሻም 0። ድምሩ ዜሮ ነው! አራቱ ማዕዘኖች አልተነኩም፤ ተራቸው ብቻ ተለወጠ፤ የገበሬው መሬት ግን ከነበረው 2,700 ካሬ ሜትር ወደ ምንም ወረደ። ምክንያቱ መሥመሩ ራሱን አቋርጦ ቅርጹ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስለ ሆነና አንዱ ክንፍ ሌላውን ስለ ቀነሰው ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ይታወቃል፤ ከፊል ሲቋረጥ ግን እውነት የሚመስል የተሳሳተ ስፋት ይወጣል። ስለዚህ ስፋት ከማስላት በፊት የቅርጽ ትክክለኛነትን የሚመረምረውን መሣሪያ ማስኬድ ግዴታ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዩቲኤም በዞኑ መካከለኛ መሥመር ላይ ርዝመትን በ0.9996 ያሳንሳል። ስፋት በሁለት አቅጣጫ ስለ ሆነ፣ 10,000 ካሬ ሜትር የነበረው 9,992 ሆኖ ይታያል። ማሳው ደግሞ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ፣ ካርታው የሚለካው በባሕር ጠለል አጠገብ ባለው ልክ ስለ ሆነ፣ 7 ወይም 8 ካሬ ሜትር ተጨማሪ ይጎድላል። ጠቅላላው በአንድ ሄክታር 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለገበሬው ይህ የሚጎዳ አይደለም። ነገር ግን ኪውጂአይኤስ ስፋትን በሁለት መንገድ፣ በጠፍጣፋው ካርታ ላይና በምድር ድቡልቡል ቅርጽ ላይ፣ ሊያሰላ ይችላል። ሁለት ሠራተኞች በሁለት መንገድ ካሰሉ አንድ ማሳ ሁለት ስፋት ይኖረዋል፤ ለጠበቃም በር ይከፈታል። ጽሕፈት ቤቱ አንዱን መንገድ መርጦ በጽሑፍ ያስታውቅ።

5ኛ፤ አንድ ወሰን አንድ መሥመር

በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለው ወሰን አንድ ነው። በኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ማሳ የራሱ መሥመር ስላለው ያው ወሰን ሁለት ጊዜ ይሰመራል። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሁለቱ መሥመሮች አይገጥሙም፤ ወይ ክፍተት ይፈጠራል፣ ወይ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ክፍተቱ የማንም ያልሆነ መሬት ነው፤ መደራረቡ የሁለት ሰዎች የሆነ መሬት ነው። ሁለቱም ክስ ናቸው።

ይህ ጥቃቅን ነገር አይምሰለን። 100 ሜትር ርዝመት ባለው ወሰን ላይ 2 ሜትር ስሕተት 200 ካሬ ሜትር ነው፤ ማሳው 2,500 ካሬ ሜትር ከሆነ ከመቶ 8 እጅ ማለት ነው።

መከላከያው አራት ነው። አንደኛ፤ «ስናፒንግ» የሚባለውን አገልግሎት ማብራት፤ ይህ አዲሱ ነጥብ ከነባሩ ነጥብ ጋር እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ፤ መደራረብን የሚከለክለውን ምርጫ ማብራት፤ አዲሱ ማሳ በጎረቤቱ ላይ ቢሳል ሶፍትዌሩ ትርፉን ራሱ ይቈርጠዋል። ሦስተኛ፤ ነባር ወሰን ሲታረም የጋራ ነጥቦች አብረው እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ። አራተኛ፤ በሥራው መጨረሻ «መደራረብ አይኑር፣ ክፍተት አይኑር» የሚሉትን ደንቦች አስገብቶ ማስመርመር።

ማስጠንቀቂያም አለን። ሶፍትዌሩ መደራረብን ሲያሳይ በራሱ እንዲያስተካክለው አዝዞ መሄድ ቀላል ነው። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ወሰኑን አያውቀውም። መደራረቡ የእጅ ስሕተት ከሆነ ይታረም፤ ሁለቱ ጎረቤቶች በእውነት የሚከራከሩበት ከሆነ ግን «ክርክር ያለበት» ተብሎ ይመዝገብና ወደ ቦታው ይኬድ። በአንድ ጠቅታ ክርክሩን የዘጋ ሠራተኛ ዳኛ ሳይሆን ፈረደ ማለት ነው።

6ኛ፤ መዝገብ አይፋቅም

ማሳ ይወረሳል፣ ይከፈላል፣ ይዋሐዳል። 2,700 ካሬ ሜትር ያለው ማሳችን ለሦስት ልጆች ቢካፈል፣ አሮጌውን ቅርጽ አጥፍቶ ሦስት መሳል ያጓጓል። ይህ ክልክል ነው። የአሮጌው ማሳ መሥመር «ከዚህ ቀን ጀምሮ ቀርቷል» ይባልና ይቀመጣል፤ ሦስቱ አዳዲስ ማሳዎች አዲስ ቁጥር ያገኛሉ፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ የእናት ማሳ ቁጥር ይጻፋል። የሦስቱ ስፋት ድምር ከ2,700 ጋር ካልገጠመ አከፋፈሉ ተሳስቷል። የቀረው ቁጥርም ለሌላ ማሳ ፈጽሞ አይሰጥ። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ዳኛ «በ2018 ዓ.ም. ይህ መሬት የማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከመዝገቡ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ቀንም እንናገር። የሶፍትዌሩ የቀን ዐምድ የሚያውቀው የፈረንጁን አቈጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1997 ዓ.ም. ብለን 13ኛ ወር ብናስገባ እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለቱ ደግ ነው፤ ስሕተቱን እናውቃለን። ጥር 10 ቀን 1997 ዓ.ም. ብለን «10፣ 5፣ 1997» ብናስገባ ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል፤ እርሱ የተረዳው ሜይ 10 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ እውነተኛው ቀን ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ7 ዓመት በላይ ልዩነት ማለት ነው። የቀደመ መብት ያለው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ይህ ልዩነት መሬት ያሳጣል። መፍትሔው ሁለት ዐምድ ነው፤ አንዱ በደብተሩ የተጻፈውን የኢትዮጵያ ቀን በጽሑፍ ይይዛል፤ ሌላው የተለወጠውን ቀን በቀን ዐምድነት ይይዛል።

7ኛ፤ ዕቃው

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሼፕፋይል የሚባለውን የፋይል ዐይነት ነው። ይህ የቈየ ዕቃ ሲሆን ለፊደላችን ጠባብ ነው። የዐምድ ስም ከ10 ባይት፣ የጽሑፍ ዐምድ ደግሞ ከ254 ባይት አይበልጥም። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የዐምድ ስም ከ3 ፊደል ሊበልጥ አይችልም፤ «ባለይዞታ» ብለን ብንጽፍ ተቈርጦ ይቀራል። ረዥም ማስታወሻም ከ84 ፊደል በላይ አይገባም። ከዚህ በላይ ሼፕፋይል አንድ ፋይል መስሎ ብዙ ፋይል ነው፤ መነሻውን የሚናገረው ፋይል በፍላሽ ሲገለበጥ ከተረሳ፣ ቀደም ብለን የተናገርነው የአዲንዳን ጣጣ ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ሥራ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን፣ ብዙ ሠራተኞች አብረው ለሚሠሩበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፖስትጂአይኤስ የተጫነበትን የመረጃ ቋት እንመክራለን። በቋቱ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ይኑር። ይህ ሠንጠረዥ ሐቀኛውን ሠራተኛ ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ሌላውንም ከፈተና።

ቅጂ ማስቀመጥንም አንርሳ። ቅጂው ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠ፣ እሳትም ሌባም ሁለቱን አብሮ ያገኛቸዋል።

8ኛ፤ ካርታው የሚጸድቀው በሜዳ ነው

ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በትክክል ብንሠራም ካርታው ገና ሐሳብ ነው። የሚጸናው ወደ ቀበሌው ተመልሶ፣ በአደባባይ ተለጥፎ፣ ሰዎች ማሳቸውን አይተው «እውነት ነው» ወይም «ተሳስታችኋል» ሲሉ ነው። እዚያ ላይ ካርታ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ብዙ መሆናቸውን አንዘንጋ። እኛ ካርታውን በሰሌዳ ላይ ለጥፈን ስንጠብቅ ሰዎች መጥተው ዝም ብለው ይሄዱ ነበር። በኋላ ግን «ይህ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ይህ መንገዱ ነው፤ ይህ ዋርካው ነው» እያልን በጣታችን ስናሳይ፣ ሽማግሌዎቹ ከእኛ በፊት ስሕተቱን ያገኙት ጀመር። ሴቶች ወደ ኋላ ሲቀሩም «እርስዎም ይምጡ፤ ስምዎን ያረጋግጡ» ብለን መጥራት ነበረብን። የእኒያ እናት ጥያቄ ከጆሯችን አልጠፋምና።

ለማጠቃለል፣ ወደ ልምምድ የሚወጣ ጓደኛ በማስታወሻው ላይ እንዲይዛቸው የምንፈልጋቸው እነዚህን ነው፦

1. ሰውን፣ መብትንና ማሳን ለይተህ መዝግብ፤ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው መሥመር ይኑራቸው።
2. በቁጥር አገናኝ፤ በስም አታገናኝ።
3. ቁጥሩ በየትኛው መነሻና ዞን እንደ ተለካ ሳታውቅ አትጫን።
4. ቅርጹን ሳትመረምር ስፋት አታስላ።
5. አንድን ወሰን አንድ መሥመር አድርገው፤ ክርክርን ግን በጠቅታ አትዝጋ።
6. አሮጌውን አትፋቅ፤ የቀረበትን ቀን ጻፍ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቈጣጠር ያዝ።
7. ካርታውን ለባለማሳዎቹ ሳታሳይ አታጽድቅ።

እኒያ እናት ማስረጃቸውን ይዘው ሲሄዱ መርቀውን ነበር። ምርቃቱ ግን የተገባን አይመስለንም፤ ያስተካከልነው የራሳችንን ስሕተት ነበርና። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ባያስቀምጡት ኖሮ፣ በእኛ ሠንጠረዥ ብቻ ቢፈረድ፣ ማሳቸው ሄዶ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ወይም ከእኛ የበለጠ የምታውቁ ጓደኞች የጎደለውን እንድትሞሉ፣ የተሳሳተውንም እንድታርሙ እንጠይቃለን፤ እርማቱን በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣለን።